ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው በር አንኳኳሁ፤
"ውሃ ነኝ" እላለሁ፣ ክዳን እከፍታለሁ፣
ጭቃውን በአውራ ጣት ጠርጌ አነባለሁ።
ከቡራዩ ኬላ እስከ ገፈርሳ ግድብ
የማን ቤት ስንት እንደጠጣ እኔ ነኝ የምመዘግብ።
ሐዘን የገባበት ቤት ቁጥሩ በአንድ ወር ይንራል፤
ወደ ዓረብ አገር የሄዱበት ባለበት ይቀራል።
አዲስ ሙሽራ፣ አዲስ ሕፃን፣ አዲስ ተከራይ፣
ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ፣ ከአሃዙ ላይ።
የራሴን ግን አንብቤ አላውቅም፤
አንድ ፎጣ፣ አንድ ሰሐን፤ ለመዝገብም አይበቃም።

እናቴን አስታምሜ ስቀብር አርባ ሦስት ሞላኝ፤
ለትዳር አለፈህ አሉኝ፣ ለሞት ገና ነህ አሉኝ፤
መሐል ቤት ቀረሁ፣ ደመወዝ እየበላሁ፣ ቀኑ እየበላኝ።

ከጉብታው ጫፍ፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ፣ የካቶሊክ ገዳም አለ፤
ሰባት መነኩሴ፣ ሁለት ላም፤ ፍጆታው ከአንድ ጎጆ ያልዘለለ።
በር የሚከፍቱልኝ አባ ቀለሜንጦስ፣ የከምባታ ሰው፣
ጎመን ሲኮተኩቱ ነው ሁልጊዜ የምደርሰው፤
እጃቸው ጭቃ ነውና ክንዳቸውን ያስጨብጡኛል፣
"ጠጣን ወይስ ተጠጣን?" ይሉኛል።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ክዳኑን ብከፍት
ከመስተዋቱ ሥር ቀይዋ ኮከብ ትዞራለች፣ በቀስታ፣ ያለ ዕረፍት።
"አባ፣ የተከፈተ አለ?"
"የለም፤ ሁላችን ጸሎት ላይ ነበርን።"
ኩሽናውን፣ በረቱን፣ የእንግዳ ክፍሉን ዞርነው፤
ዝግ ነው። ዝግ ነው። ይሄም ዝግ ነው።
"ከመሬት በታች ነው፣ አባ፤ ላዩ ነው ደረቅ፤
ሲያንጠባጥብ ኖሯል እኛ ሳናውቅ።"
ቀና ብለው አዩኝ። "ስንት ዓመት ይሆነዋል?"
ስለ ቧንቧው ልመልስ ነበር አፌን የከፈትኩት፤
"እንጃ፣ ከልጅነት ይሆናል"
ይሄን ነው ያልኩት።

ከዓመት ፈቃዴ ሦስት ቀን ወስጄ አብሬያቸው ቆፈርኩ፤
ደወል ሲመታ ዶማ ጥለው ሄዱ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ብቻዬን ቆምኩ።
ዜማቸው ደህና አይደለም፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ያስላል፣
አንዱ ግማሹን ረስቶ በሌላው ትከሻ ያልፋል።
ራእይ አላየሁም። ስሜን የጠራ የለም።
እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ነበርኩ፤ መውጣት ግን አላማረኝም።

እህቴ ብርዝነሽ ጮኸች፦ "በአርባ ሰባት ዓመት!
ሰው ጡረታ ሲጠብቅ አንተ ቆብ ልትጭንበት?
እድሩስ? ያ ሁሉ መዋጮ? ማነው የሚቀብርህ?"
"እነሱም ይቀብራሉ" አልኳት። ሳቀች። አለቀሰች። "እግዜር ይይልህ።"
በዚያው ሳምንት ስልክ ተደወለ፤ አሥራ ሦስት ዓመት የቆጠብኩበት
ኮንዶሚኒየም። "ዕጣ ወጥቶልዎታል፤ አራተኛ ፎቅ"፣ ውሃ የማይደርስበት።
(ያን መስመር አውቀዋለሁ፤ አንብቤዋለሁ።)
"የእኔስ ዕጣ ቀድሞ ወጥቷል" አልኩና ቁልፉን ለብርዝነሽ ሰጠሁ።

ልብሱ ይከብዳል፤ ስንበረከክ ጉልበቴ ይጮሃል።
የኖቪሶች አለቃዬ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤
አባ እለዋለሁ፣ ምላሴ እየተደናቀፈ፤
ሌሊት ደወል ሲቀሰቅሰኝ "ውሃ ነኝ" ልል ይቃጣኛል፣
ያ ልማድ መች አለፈ።
ተጸጽቼ አውቃለሁ፣ ሁለት ጊዜ፤ አንዴ በፋሲካ ማግስት፣
አንዴ ድንች ስልጥ፣ እንዲሁ፣ ያለ ምክንያት።

ትናንት አዲሷ አንባቢ መጣች፤ ልጅ እግር፣ ቦቲ ጫማ ያደረገች፤
ክዳኑን ከፈተች፣ በአውራ ጣቷ ጠረገች፣
መዝገቧን አየች። "ፍጆታችሁ ትንሽ ከፍ ብሏል፤
አንድ ሰው መጥቷል መሰለኝ፤ ቁጥሩ እንዲያ ይላል።"
ጎመን ስኮተኩት ነበር፤ እጄ ጭቃ፤
ክንዴን ዘረጋሁላት፤
ጨበጠችው፣ ስቃ።